ትንፋሹን ይዞ የሚለካው ሰው

ጋሽ ኡጁሉ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ አሪየት ናት። ስልክ ቁጥሬን ከአንድ የድሮ ባልደረባችን አፈላልጋ ከጋምቤላ ደወለችልኝ። ስሟን ስትነግረኝ መጀመሪያ አላወቅኋትም። እኔ የማውቃት አሪየት የእናቷን ቀሚስ ይዛ የምትሄድ ሕፃን ነበረች። አሁን የምታናግረኝ ግን ኒውላንድ ሰፈር ቤት ሠርታ የምትኖር፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ድምፅዋ የረጋ ሴት ናት። አባቷ ታሞ ብዙ ሳይቆይ መሞቱን፣ በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ማንጎው ጥላ ሥር ቆሞ እንደነበር ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «እትዬ፣ አባቴ ዝናብ የሚልሽ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት። 

ስሜ ዘነበች ነው። የተዋወቅን ዕለት ጋሽ ኡጁሉ የስሜን ትርጉም ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቀና መሥሪያ ቤቱ የቀጠረኝ ስሜን ብቻ አይቶ መሆን አለበት አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ሆንኩ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት በሙሉ ስሜን የጠራበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ሰፈራውና የመንግሥት እርሻው ሥራ የተጧጧፈበት ወቅት። የአየር ጠባይ ምልከታ ኮርስ እንደጨረስኩ ዕጣ ስናወጣ ጋምቤላ ደረሰኝ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ብርድ እንጂ ሙቀት አላውቅም ነበር። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ወባው እንዳይገድለኝ ነጭ ሽንኩርት ቋጥሮ ሰጠኝ። ጋምቤላ ከተማ ባሮ ድልድይ አጠገብ ከመኪና ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን እንደ እጅ ገፋኝ። በማግስቱ በላንድሮቨር ወደ ደቡብ ወስደው አንድ ጫካ ዳር ካለች ባለ ቆርቆሮ ቤት አወረዱኝ። የሥራ ቦታዬ እሷ ነበረች።

ሥራው እንዲህ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የመንግሥት እርሻ የጫካውን የመጀመሪያ ክፍል መንጥሮ ጥጥ ዘርቶበታል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመመንጠርም ዕቅድ ይዟል። ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ደግሞ ጫካውና አየሩ እርስ በርስ ምን እንደሚሰጣጡ ሊያጠኑ መሣሪያ ተክለው ነበር። ሁለተኛው ክፍል መሐል ከዛፎቹ ጫፍ በላይ የሚወጣ የብረት ማማ ቆሟል፤ በተመነጠረው ሜዳ ላይም አጭር ምሰሶ ተተክሏል። በሁለቱም ላይ በተለያየ ከፍታ ጥንድ ጥንድ ቴርሞሜትሮች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ደረቅ ነው፣ የሌላው ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሏል። እነዚህን እያነጻጸርን፣ ፀሐይ ከሰጠችው ሙቀት ምን ያህሉ ውሃ ለማትነን እንደዋለ፣ ምን ያህሉ አየሩን ለማሞቅ እንደቀረ እናሰላለን። መሬት ላይ ደግሞ ትልልቅ ጣሳዎች በአፋቸው ተደፍተው ነበር። በየጣሳው ሥር ኖራ የሚመስል ነጭ እንክብል በሳህን እናስቀምጣለን፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንክብሉ ይመጥጠዋል። በማግስቱ አድርቀን ስንመዝነው፣ የጨመረው ክብደት አፈሩ ምን ያህል እንደተነፈሰ ይነግረናል።

ባለሙያዎቹ ስሌቱን አስተምረውን፣ መዝገቡን አስረክበውን ተመልሰዋል። የቀረነው ሁለት ነበርን፤ ዋና ለኪው ጋሽ ኡጁሉና ረዳቱ እኔ።

መጀመሪያ ያየሁት ከማማው ሲወርድ ነው። ረጅም ነው፤ አኙዋኮች ረጃጅሞች ናቸው፣ እሱ ግን ከነሱም ይረዝማል። ባዶ እግሩን ነበር። ማማው ላይ በጫማ ወጥቶ አያውቅም፤ ብረቱን እግሩ ካልነካው መንሸራተቱን ቶሎ እንደማያውቅ ይናገራል። እጄን ዘርግቼ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እርስዎ ነዎት አቶ ኡጁሉ?» አልኩት። ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ «ብቻዬን ነኝ። ማንን ነው የምትጠራው?» አለኝ።

አማርኛ የተማረው ካደገ በኋላ፣ በገበያና በሥራ ቦታ ነው። አቀላጥፎ ይናገራል፣ ግን ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ለእኔ መጀመሪያ ለብዙ ጊዜ «አንተ» ይለኝ ነበር፤ በኋላ «አንቺ» ማለትን ለመደ። «እርስዎ» ግን አልገባለትም። በአኙዋክ ቋንቋ አንድ ሰው አንድ ሰው ነው፣ ሹም ሲሆን አይበዛም ብሎ አስረዳኝ። እኔም «ጋሽ ኡጁሉ» እያልኩ በ«አንተ» ማናገር ጀመርኩ፤ ለሁለታችንም ቀለለን።

ስለ ጫካና ስለ ሜዳ ባለሙያዎቹ ብዙ ገጽ ጽፈው ሄደዋል። ጋሽ ኡጁሉ ግን ለጎብኚ ሲያስረዳ የሚናገራት አንዲት ነገር ነበረች። «ፀሐይ ለሁለቱም እኩል ትሰጣለች» ይላል፣ «ጫካ በውሃ ይመልስላታል። ሜዳ በእሳት ይመልስላታል።» ከዚያ ወዲያ ምንም አይጨምርም፤ ጎብኚው ገባው አልገባው መዝገቡን ዘርግቶ ቁጥሩን ያሳያል።

አወጣጡ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ የማማውን እግር በጣቱ ጀርባ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ንብ ሰፍሮበት እንደሆነ ይጮኻል ብሎ ጆሮውን ያስጠጋል። ቀጥሎ እርሳሱን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ከየቴርሞሜትሩ ፊት ሲደርስ ዓይኑን ከሜርኩሪው ጋር እኩል አድርጎ ትንፋሹን ይይዛል። እስኪያነብ ድረስ አይተነፍስም። አንብቦ፣ ፊቱን አዙሮ፣ አየሩን ለቅቆ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ተናግሮ ይጽፋል። ለምን ትንፋሹን እንደሚይዝ ስጠይቀው በጣም ቀላል ነገር እንደጠየቅሁት ሆኖ ተመለከተኝ።

«የጫካውን ልንለካ ነው የተላክነው» አለኝ፣ «የኔን ትንፋሽ ማን ለካ አለኝ?»

እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሥራ እንዳላጣ ብዬ። እሱ ባለበት ቀን የሜዳውን ምሰሶና የጣሳዎቹን ሥራ እኔ እይዛለሁ፣ ማማውን እሱ ይወጣል። አንድ ጊዜ ግን ለስብሰባ ወደ ጋምቤላ ተጠርቶ ሦስት ቀን ቀረ። የመጀመሪያውን ቀን እስከ መጀመሪያው መድረክ ወጣሁ። ከሥሬ ያሉት የዛፍ ጫፎች በነፋስ ሲወዛወዙ ማማው የሚሄድ መሰለኝ። ብረቱን አቅፌ ብዙ ቆየሁና ወረድኩ። ከዚያም ቤት ገብቼ፣ ያለፈውን ሳምንት መዝገብ ከፊቴ ዘርግቼ፣ የሚመስል የሚመስለውን ቁጥር ትንሽ ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ጻፍኩ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀንም እንደዚያው አደረግሁ። ፊደሌን አሳምሬ ነበር የጻፍኩት።

ጋሽ ኡጁሉ ተመልሶ ሲመጣ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት እንደ ልማዱ ጫካው ውስጥ አንድ ዙር ዞረ። ሲገባ መዝገቡን ከፈተ። ገጾቹን አንድ በአንድ ቀስ ብሎ አያቸው። ከዚያም ትናንት ከሰዓት በኋላ ጫካው ላይ ዝናብ ዘንቦ እንደነበር ነገረኝ። ሜዳው ላይ ጠብ አላለም፤ ጫካው ውስጥ ያለው የዝናብ መለኪያ ግን ውሃ ይዟል፣ ቅጠሉ ሥር ያለው አፈርም ገና እርጥብ ነው። የእኔ ቁጥሮች ግን ዝናብ አላዩም። ድምፁን ከፍ አላደረገም።  ማማውን እንደፈራሁና እንዳልወጣሁ ነገርኩት።

አልተቆጣም። ተቀመጠና የራሱን ታሪክ ነገረኝ። ከሱዳን በባሮ ወንዝ ጀልባ በሚመጣበት ጊዜ እሱ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ቁጥር ስለተማረ የውሃውን ጥልቀት ከተተከለው እንጨት ላይ አንብቦ ለጀልባ ነጂዎቹ እንዲናገር ተቀጠረ። አንድ ጠዋት አሞት ወንዙ ዳር ሳይወርድ የትናንቱን ቁጥር ተናገረ። ውሃው በዚያች ሌሊት ቀንሶ ነበር። ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተቀመጠችና የጫነችው ሁሉ በሰው ትከሻ ወረደ፤ አንድ ተሸካሚ ጭነት ወድቆበት እግሩ ተሰበረ። ጀልባ ነጂው ምንም አልተናገረውም፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን እሱ የተናገረውን ቁጥር ራሱ ወርዶ እያረጋገጠ ነበር የሚሄደው።

«የተሰበረው እግር አንድ ነው» አለኝ ጋሽ ኡጁሉ፣ «ግን ከዚያ በፊት የተናገርኩት ትክክለኛ ቁጥር ሁሉ አብሮ ወደቀ። ባዶ ቦታ አያሳፍርም፣ ዝናብ። ውሸት ግን ጎረቤቱን ቁጥር ይበላል።»

ከዚያ በሦስቱ ቀናት ቁጥሮች ላይ መስመር አሰምሮ «አልተለካም» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። በእኔ ስም አልጻፈም፤ ኃላፊው እሱ ስለሆነ በራሱ ስም ፈረመ። በማግስቱ ጠዋት አብረን ወጣን። እኔ ከፊት፣ እሱ አንዲት እርከን ከታች። የትም ብረግጥ እጁ ከተረከዜ ሥር ነበረች። ላይ ስንደርስ ወደ ታች እንዳላይ ሳይሆን በደንብ አድርጌ እንድመለከት ነገረኝ። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ጀርባቸውን ከላይ አየሁ። እስከዚያን ቀን ድረስ የጉሬዛን ጀርባ ከላይ ያየሁበት ጊዜ አልነበረም። ወር ሳይሞላ ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ሥዩም ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ከደጋ የመጣ የግብርና ምሩቅ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ የወባ ክኒን እየዋጠ ከሠራተኛው ጋር በፀሐይ የሚውል ሰው። ግን ከላይ የተሰጠው ዕቅድ ነበረው። ሁለተኛው ክፍል እስከ ጅረቱ ድረስ ተመንጥሮ በተባለው ወቅት ካልታረሰ እሱ ራሱ ተጠያቂ ነው። ከጅረቱ ማዶ የጋሽ ኡጁሉ እናት የምትኖርበት መንደር አለ። መንደሩም፣ አዲስ የመጡት ሰፋሪዎችም የሚቀዱት ከዚያችው ጅረት ነበር።

የዓመቱ ውጤት ሲጠቃለል ልዩነቱ ማንም ሊያየው የሚችል ሆነ። በበጋው ወራት ጫካው የፀሐይን ሙቀት አብዛኛውን ውሃ በማትነን ያጠፋዋል፤ ሜዳው ግን አየሩን ያግለዋል። የታረሰው አፈርም መጀመሪያ ላይ ከጫካው አፈር በበለጠ ይተነፍሳል፤ ለዓመታት ያከማቸውን እየበተነ ማለት ነው። ጓድ ሥዩም ሪፖርቱን አንብቦ ሁለታችንንም ወደ ቢሮው አስጠራን። ሌሎች ኃላፊዎችም ተቀምጠዋል። በጨዋ አነጋገር፣ በበጋው መሣሪያዎቹ በሙቀት ምክንያት ችግር ሳይኖርባቸው እንደማይቀር፣ ስለዚህ የበጋውን ወራት አውጥተን ሪፖርቱን እንደገና ብንጽፈው እንደሚሻል ተናገረ።

ጋሽ ኡጁሉ አዳምጦ ሲጨርስ፣ «ጓድ ሥዩም፣ መሣሪያው ደህና ነው። አንተ ና፣ አብረን እንውጣና እይ» አለው።

 ያስደነገጠን እምቢታው ይሁን «አንተ» ማለቱ ዛሬም አላውቅም። የጓድ ሥዩም ፊት ቀላ። ማማው ላይ ለመውጣት ጊዜ እንደሌለው፣ ሪፖርቱ በሳምንት ውስጥ ተስተካክሎ እንዲቀርብ እንደሚጠብቅ ተናግሮ አሰናበተን። በሳምንቱ ሪፖርቱ ሳይለወጥ ተላከ። በሳልስቱ ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ጋሽ ኡጁሉን ለጥያቄ ይፈለጋል ብለው ይዘውት ሄዱ። ሲሄድ የነገረኝ የማማው ሁለተኛ መድረክ ላይ ያለው እርጥብ ጨርቅ መቀየር እንዳለበት ብቻ ነው።

ዘጠኝ ቀን ቀረ። የት እንዳለ የሚነግረኝ አጣሁ። ሚስቱ አሪየትን አዝላ በየቀኑ ትመጣና ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ አማርኛ ብዙ አትችልም፣ እኔም አኙዋክኛ አልችልም፣ ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን። ሰዓቱ ሲደርስ ግን እነሳለሁ። ማማውን አንኳኳለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እወጣለሁ። ላይ ሆኜ መንገዱን አያለሁ፤ መኪና ግን የለም። በአምስተኛው ቀን ነፋስ ተነሥቶ ማማው እንደ መጀመሪያው ጊዜ ተወዛወዘብኝ። መውረድ እችል ነበር። አልወረድኩም። አንድ እጄን ብረቱ ላይ ጠምጥሜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንብቤ ጻፍኩ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከዋናው መንገድ ጀምሮ በእግሩ እየተራመደ መጣ። ከስቷል። ልብሱ ታጥቦ ሳይደርቅ የተለበሰ ይመስል ነበር። ሚስቱን ጨበጣት፣ ልጁን ተቀብሎ አቀፈ፣ ወዲያው መዝገቡን ጠየቀኝ። ውሃ ሰጠሁት፤ ውሃውን አስቀምጦ ማንበብ ጀመረ። የአምስተኛው ቀን ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ እጅሽ ተንቀጥቅጧል» አለኝ።

«ነፋስ ነበር። ግን ወጥቻለሁ፣ ጋሽ ኡጁሉ።»

«አይቼዋለሁ» አለኝ። «ተቀምጦ የጻፈ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።»

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምን እንደደረሰበት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠያቂው ለጫካ የሚከራከረው ማን ልኮት እንደሆነ ደጋግሞ እንደጠየቀው፣ እሱም ለጫካ እንደማይከራከር ሲነግረው ሰውየው እንዳላመነው በጨዋታ መሐል አነሣው።

ምንጠራው አልቀረም። ዶዘሮቹ ከመጡ በኋላ ጋሽ ኡጁሉ ጓድ ሥዩም ዘንድ ሄዶ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ማማው እንዲቆም። ጫካውን ተውልኝ አላለም። ዛፎቹ ከወደቁ በኋላም መለካቱን ለመቀጠል ፈቃድ ጠየቀ። ጓድ ሥዩም ቀና ብሎ ሳያየው ፈቀደ። እናም ዛፉ ሁሉ በዙሪያችን ሲወድቅ ለካን። ይህንን ለሰው ስናገር ጭካኔ የሚመስለው አለ። ዶዘር ከዳር እየበላ ሲመጣ፣ ከማማው ላይ የምናየው አረንጓዴ በየቀኑ ሲጠብ፣ በታችኛው መድረክ ያለው ቴርሞሜትር በየቀኑ ከላይኛው ጋር እየተቀራረበ ሲሄድ፣ እሱ በየሰዓቱ ወጥቶ ትንፋሹን ይዞ ያነብ ነበር። የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ዛፎች የወደቁ ቀን ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ አየሁት። አቧራው ነው አለኝ። አቧራም ነበር። ያን ቀን ከመዝገቡ ሳያጎድል ሁሉንም ጽፏል።

የሚቀጥለው በጋ ከባድ ሆነ። ጅረቱ መጀመሪያ ወደ ኩሬዎች ተቆራረጠ፤ ቀጥሎ ኩሬዎቹም ጭቃ ሆኑ። የመንደሩ ሴቶችና የሰፋሪዎቹ ሴቶች አንድ ጉድጓድ ከበው ተራ ይጠብቁ ነበር። የጋሽ ኡጁሉ እናት በዚያ ዕድሜዋ እንስራ ተሸክማ ሌላ ወንዝ ድረስ ትሄድ ጀመር። እሱም ከሥራ በኋላ እየሄደ ይቀዳላት ነበር፤ ወንድ ውሃ ሲቀዳ የሳቁበትን አላያቸውም። የእርሻው ችግኝም መጠውለግ ያዘ።

አንድ ቀትር ላይ ጓድ ሥዩም ብቻውን መጣ። ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል። መዝገቡን ለማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ጋሽ ኡጁሉ ዘረጋለት፤ ከምንጠራው በፊት፣ በምንጠራው ጊዜና ከምንጠራው በኋላ ያለውን በተራ። ጓድ ሥዩም ብዙ ቆይቶ ቀና አለና፣ «ጅረቱን ያደረቀው ይኼ ነው ማለት ነው?» አለ።

እኔ ያን ጊዜ አዎ እንዲለው በልቤ እጸልይ ነበር። ከተያዘበት ቀን ጀምሮ፣ ከእናቱ እንስራ ጀምሮ፣ ይህን ቃል ለመናገር ከእሱ የበለጠ መብት ያለው ሰው አልነበረም።

«ጅረቱን አልለካሁም» አለ ጋሽ ኡጁሉ። «አየሩ እንደጋለ አውቃለሁ፤ ይኸው ቁጥሩ። አፈሩ እንደደረቀ አውቃለሁ። ጅረቱ በዚህ ይድረቅ፣ ዝናቡ ስላነሰ ይድረቅ፣ በሁለቱም ይድረቅ፣ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ይዤ ልቅረብ? ሦስተኛውን ክፍል በሚመጣው ወር ጀምር ተብያለሁ።»

«አናውቅም በላቸው። ሦስተኛው ክፍል ከመቆረጡ በፊት ውሃውም ይለካ በላቸው። ይኼ ውሸት አይደለም፣ አንተም አትፈራም።»

ጓድ ሥዩም መዝገቡን ተውሶ ወደ ጋምቤላ ሄደ። በስብሰባው ላይ ምን እንደተናገረ ከሌላ ሰው ሰማን። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ የበጋውንም ወራት ጭምር። ያልተለካውንም አልተለካም አለ። አድሃሪ ሊባል የሚችልበት ጊዜ መሆኑን እያወቀ ነው። ሦስተኛው ክፍል የውሃው ጥናት እስኪጠናቀቅ ድረስ እንዲቆይ ተወሰነ። ጥናቱ ለረጅም ጊዜ ሳይጠናቀቅ ቆየ። እኔ እዚያ እስከነበርኩበት ድረስ፣ መንግሥት እስኪለወጥም ድረስ፣ ያ ጫካ አልተነካም። ጓድ ሥዩም ግን ወዲያው ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

ሊሄድ ሲል ሊሰናበተን መጣ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ወንበር ስላልነበረ የእንክብሉ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ስለ ወባ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጥቂት ተጨዋወትን። ከዚያም ብዙ ጊዜ ሲያስብበት የቆየ በሚመስል ሁኔታ፣ ያን ሁሉ የሆነው ጫካውን ስለሚወድ እንደሆነ ጋሽ ኡጁሉን ጠየቀው።

«ጫካውን እወዳለሁ» አለው። «ግን በቁጥሩ ሜዳው ቢያሸንፍ ኖሮ ያንኑ ነበር የምጽፍልህ።»

 ጓድ ሥዩም ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ሲጨብጠው ይቅርታ ይበለው፣ አይበለው አልሰማሁም፤ በር ላይ ሲደርስ ግን ዞሮ፣ ያን ቀን ማማው ላይ አብሮት አለመውጣቱ እንደሚቆጨው ተናገረና ሄደ።

መኪናው ከዓይን ሲሰወር እኔ አላስችል አለኝ። ለጓድ ሥዩም ያለው እውነት መሆኑን ጠየቅሁት። ሜዳው ቢያሸንፍ፣ ቁጥሩ ለምንጠራው ምክንያት ሆኖ የእናቱ መንደር ውሃ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ፣ በእርግጥ ያንን ጽፎ ይሰጥ ነበር?

 እርሳሱን በቢላዋ እየቀረጸ ቆየ። ቅርፊቱን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ።

«እጽፍ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን ግን እናቴ ቤት አልሄድም ነበር።»